የምንተስኖት አሥራ ስድስት መስመር

በጎ ያድርገውና፣ ትናንት ሌሊት በሕልሜ የቡድናችን አልበም ወጣ። በእውኑም የሚወጣው ዛሬ ጠዋት ነበር፤ ሕልሜ ቀደመኝ። ቡድናችን «ቁምሳጥን» ይባላል፤ ራፕ ነው የምንሠራው። ስሙን ያገኘነው ከጓደኛዬ ከምንተስኖት እናት ቁምሳጥን ነው። አራት ዓመት ሙሉ እዚያ ውስጥ ስንቀዳ ኖርን። ድምፅ እንዳይወጣ በብርድ ልብስ ጠቅጥቀነው፣ ተራ በተራ እየገባን በላብ ተጠምቀን እንወጣ ነበር።

በሕልሜ ታዲያ ዓለም ተገለባብጣለች። የቀበሌ ሠራተኞች ፋይላቸውን አቅፈው በራችን ላይ ተሰልፈዋል። ሊቀመንበሩ ከረባቱን እያስተካከለ፣

«ጌታዬ፣ የኮንሰርት ፈቃድ ይዘን ስንመላለስ ወር ሞላን፤ ተቀበሉንና እንገላገል» አለኝ።

«ሲስተም የለም። ነገ ተመለስ!»

እጅ ነስቶ ሄደ። እንዴት እንደጣመኝ!

ጎረቤታችን እትዬ አስካለም ግድግዳውን መደብደብ ጀመሩ። በእውኑ ዓለም «ኧረ ቀንሱ!» ሲሉን የኖሩ ሴትዮ ናቸው።

«ኧረ ጨምሩ እናንተ ልጆች! ልጅቷ ፈተና አለባት፤ በዚህ ፀጥታ እንዴት ብላ ታጥና?»

ልጨምር ስል ራሴን ስታዲየም ውስጥ አገኘሁት። አርባ ሺህ ተመልካች መድረክ ላይ ወጥቶ ይዘፍናል፤ እኛ ዘፋኞቹ ትኬት ቆርጠን ተቀምጠናል። ድምፁን የሚቆጣጠረው አህያ ነው። አልገረመኝም፤ ጆሮ እንደሆነ አለው። ሕዝቡ ዘፈኖቻችንን አንድ በአንድ አወረዳቸው። አምስተኛው መሀል ላይ ሲደርስ ግን አርባ ሺው ሰው ባንዴ ጭጭ አለ። አህያው ማዳመጫውን አውልቆ ወደ እኔ ዞረ።

«የምንተስኖት ድምፅ የታለ?»

«ግጥሙ አለ እኮ።»

«ግጥሙንማ ሰማሁ። ድምፁን ነው የጠየቅኩህ።»

ከአህያ መደበቅ ይቻላል? ከናንተም አልደብቅም። አምስተኛው ዘፈን ላይ ያሉትን አሥራ ስድስት መስመሮች ምንተስኖት የጻፋቸው ለእናቱ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት ለቆረጡት ለእትዬ ተዋበች። የአልበማችን አሳታሚ ምንተስኖት የቀዳውን ሰማና፣ «የዚህ ልጅ ድምፅ ሻካራ ነው፤ አንተ በለው» አለኝ። አልተከራከርኩም። ሌላ ስቱዲዮ ሄጄ የጓደኛዬን ቃል በራሴ ድምፅ ቀዳሁት። ለሱ ትንፍሽ አላልኩም። የዛሬ ሦስት ሳምንት ያለቀውን አልበም አብረን ስናዳምጥ ሰማው፤ ተነሳ፣ ጃኬቱን ለበሰ፣ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አልደወለም። እኔም አልደወልኩም፤ አፈርኩ። ቆጨኝ ብላችሁ ያንሳል።

ለአህያው ምን እንደምመልስ ሳስብ ምንተስኖት ራሱ መጣ። ሦስት ሽማግሌ አስከትሎ፣ ማጅራቱ ላይ ትልቅ ድንጋይ ተሸክሞ፣ እግሬ ሥር ተንበረከከ።

«ስለበደልከኝ ይቅር በለኝ» አለ።

«አጥፍቷል» አሉ አንደኛው ሽማግሌ። «ተበድሎ ዝም ብሏል። በትልቅነትህ ማረው።»

«ኧረ አጥፊው እኔ ነኝ! ድንጋዩ ለኔ ነው የሚገባው!» ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«እስቲ ላስብበት።»

ሽማግሌዎቹ «እግዜር ይስጥልን» አሉ። ምንተስኖት ይበልጥ ጎንበስ አለ። አንገቱ ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። ድንጋዩን ላነሳለት እጄን ብዘረጋ እጄ ማጨብጨብ ጀመረ፤ አርባ ሺው ሰውም አብሮኝ አጨበጨበ። እሪ ልል ስል ነቃሁ።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሆኗል። አልበሙ ወጥቷል፤ ስልኬ «እንኳን ደስ አላችሁ» በሚል መልእክት ተጥለቅልቋል። ከመሀል የምንተስኖትን አየሁና ቁጭ አልኩ።

«እንኳን ደስ አለን። አምስተኛውን ለእማዬ በስልኬ ከፈትኩላት። ስለ አውቶቡሱ ስትሰማ እኔ መሰልኳት፤ እልል አለች። ጎረቤት ጠርታ ‹የልጄን ድምፅ ስሙልኝ› እያለች ደጋግማ ታሰማለች። አይዞህ፣ አልነገርኳትም።»