ካሴቱ የበላው መጨረሻ

መጥፎ ፊልም ያየ ሰው ጉዳት የለውም። ተናድዶ ይተኛል፣ በማግስቱ ይረሳዋል። የሚያሰጋው ጥሩ ፊልም ያየ ሰው ነው። መንገድ ላይ ያስቆማችኋል፤ ታሪኩን ከሥሩ ይጀምርላችኋል፤ ከዚያ "መጨረሻውን አልነግራችሁም፣ ራሳችሁ እዩት" ይልና መጨረሻውን ይነግራችኋል።

ከነዚህ ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። ሥራዬ ግን ፊልም አይደለም፤ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ፣ አስፋልት ዳር ላስቲክ ዘርግቼ አሮጌ መጻሕፍት እሸጣለሁ። ዝናብ ሲመጣ ያንኑ ላስቲክ አለብሳቸዋለሁ። የማርቆስ ክረምት ለመጻሕፍት ያለውን አስተያየት የሚደብቅ አይደለም።

መምህር አድማሱ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። የከተማው ግማሽ ሰው በእሳቸው እጅ ተምሯል፤ ዛሬም ባንክ ቤት ሰልፍ ላይ ሲያያቸው ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ የሚከት ጎልማሳ አይጠፋም። ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ልጃቸው ቤት ሊገቡ ሆነ። የተሰጣቸው ክፍል ደግሞ ወይ አልጋ ወይ መጻሕፍት እንጂ ሁለቱን የሚችል አልነበረም። አልጋውን መረጡ። መጻሕፍቱን ሲያስረክቡኝ አንዱንም አልገለጡ፤ ካርቶኑን መታ መታ አድርገው "በል፣ ከዝናብ ጠብቃቸው" ብቻ አሉኝ።

ከካርቶኑ ሥር አንድ የቪዲዮ ካሴት አገኘሁ፤ ጽሑፉ የለቀቀ። ይህን የሚያጫውት ማሽን ዛሬ ከየት ይመጣል? ከሰይድ ነዋ። ሰይድ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል፤ ዕቃ መጣል የሚባል ነገር አያውቅም። ማጫወቻውን ከመደርደሪያ አውርዶ አቧራውን እፍ አለና ከፈተልኝ።

ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። በሮብ ገበያ፣ ጉም ውስጥ፣ አንድ ሰካራም የሚስቱን በቅሎ ይሸጣል። ስካሩ ሲበርድለት ይጸጸትና በየገበያው ይፈልጋታል። በመጨረሻ ያገኛታል፤ በስሟ ይጠራታል። በቅሎዋ ዞር ብላ ታየዋለች፤ ንቅንቅ አትልም። አለቀ፤ ስክሪኑ ጨለመ። ሰይድ መፍቻውን እንደያዘ አፍንጫውን ሳበ። የእኔንስ አትጠይቁኝ። እንዲህ ያለ ሥራ ተሠርቶ እንዴት ስሙን እንኳ የሚያውቅ ይጠፋል?

ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ መሸጥ ትቻለሁ ማለት ይቻላል። የሰዋስው መጽሐፍ ፈልጋ የመጣችን ሴት ስለ በቅሎዋ ዝምታ ሳስረዳት ሰዋስውን ትታ ሄደች። ሰይድ ቢሰለቸው "ለሁሉም አንድ ላይ አሳያቸውና እረፍ" አለኝ። እሑድ ከሰዓት፣ ኳስ በሌለበት ሰዓት፣ ሱቁ ውስጥ አግዳሚ ደረደርን። የካርቶኑ ባለቤት ናቸውና መምህርንም ጠራኋቸው፤ ጉልበቴን ያመኛል አሉኝ።

ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ መጡ። ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው በሩ ላይ ቆሙ። ልክ ያን ጊዜ ሰካራሙ ፊቱን ወደ እኛ አዞረ። በሩን አየሁ፤ ስክሪኑን አየሁ። ጸጉሩን ቀንሱለት፣ ዕድሜ ጨምሩለት፤ አፍንጫው ያው ነው። ሌሎቹም አይተዋል፤ ሹክሹክታው ካግዳሚ ወደ አግዳሚ ሲሻገር ይሰማኛል። ያን ሁሉ ሰው በአርጩሜ ያረሙ መምህር በተማሪዎቻቸው ፊት ጭቃ ላይ ይንከባለላሉ፤ ጋባዡ ደግሞ እኔ። ሰይድ ላጥፋው ወይ ብሎ በዓይኑ ጠየቀኝ። ዓይኔን ወደ ስክሪኑ መለስሁ።

ስክሪኑ ሲጨልም ዝምታውን ፈርቼ ብድግ አልሁና ስለ አዘጋጁ ድፍረት ንግግር ጀመርሁ። ሌላው ቢሆን ሰውየውንና በቅሎዋን ያስታርቃቸው ነበር፤ ይህ ሰው ግን እዚያ ላይ ማቆም ቻለ፤ ጥበብ ማለት ይህ ነው አልሁ።

"አላቆመም" አሉ መምህር ከበሩ። "ካሴቱ ነው ያለቀው።"

ሁሉም ዞረ። ካሴቱን ከመጻሕፍቱ ሥር የከተቱት አውቀው እንደሆነ ነገሩን፤ ማጫወቻ ያለው ሰው ዛሬ አይገኝም ብለው ነበር። ሽበት የጀመረው አንድ ሰውዬ እንደ ድሮው እጁን አወጣና ያን ጊዜ እውነት ሰክረው ነበር ወይ ብሎ ጠየቃቸው።

"የሰጡን ውሃ ነው" አሉ። "ፊቴ ላይ ያያችሁት ሐዘን የእሱ ነው።"

ሳቁ ሲበርድ ጃንጥላቸውን ለሰይድ ሰጥተው ወደ ፊት ወጡ፤ ካሴቱ የበላውንም ተጫወቱልን። ሰካራሙን ሆነው ጠሩ፤ ወዲያ ማዶ ተሻግረው በቅሎዋን ሆነው ሰሙ፤ አመነቱ፤ ጥቂት አኮረፉ፤ ከዚያ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ዱብ ዱብ እያሉ መጡ። ሱቁ በእልልታ ተናወጠ። እኔ ዛሬም የጨለማውን መጨረሻ እመርጣለሁ፤ ግን ማን ይሰማኛል? ሰዉ ሲወጣ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ የነበረው ትንሽ ረዝሟል እያለ ነበር።

በማግስቱ መምህር ላስቲኬ ዘንድ መጡ። ፊታቸው ላይ ከዚያ በፊት ያላየሁት ነገር አለ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ስለ ትወና የተጻፈ መጽሐፍ ይኖርህ ይሆን አሉኝ። ደስ ብሎኝ ክምሩን ገልብጬ አንድ አገኘሁና በነፃ ይውሰዱት አልኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቆመው ጥቂት አነበቡ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መጽሐፉን በጥንቃቄ ወደ ቦታው መለሱት።

"ለጀማሪ ጥሩ ነው" አሉኝ።