ከውሻ የጀመረ ርኅራኄ

ልጆች አይሰሙም ብሎ የሚያማርር ሰው፣ ሰምተውት የማያውቅ ሰው ነው። አለመስማታቸውማ በረከት ነው! እናት በንዴት የምትናገረውን ሁሉ ልጇ ቢፈጽመው ኖሮ ስንቱ ቤት በፈረሰ ነበር። እኔ ይህን የተማርኩት ቆቦ ላይ፣ ከደሴ ተመድቤ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት ነው። ወጣት አስተማሪ ነበርኩ፤ ክራባት አስር ነበር፤ ለዚያውም በቆቦ ሙቀት! ክራባት ያሰረ ወጣት ደግሞ ዓለምን ማረም አያቅተውም።

የማስተምራቸው የሦስተኛ ክፍል ልጆች ውሻ ካዩ እጃቸው በራሱ ጊዜ ወደ መሬት ይወርዳል። ለምን ብትሏቸው መልስ የላቸውም። ድንጋይ አለ፣ ውሻ አለ፤ ሌላ ምን ምክንያት ያስፈልጋል? አንድ የገበያ ዕለት ግን ነገሩ በዛ። የአንዱን ውሻ ጭራ ከባዶ ጣሳ ጋር አስረው ለቀቁት። ውሻው ጣሳውን ሲሸሽ፣ ጣሳው ውሻውን ሲከተል፣ ተያይዘው ሸክላ ተራ ገቡ። የእንስራውን ነገር ተዉት። ሸክላ ሻጯ ሴትዮ ልጆቹን ትታ እኔን ረገመችኝ። አስተማሪያቸው ነኛ!

በማግስቱ ሒሳቡን ትቼ ስብከት ያዝኩ። "እስትንፋስ ያለው ሁሉ ያመዋል፤ ውሻም፣ አህያም፣ ወፍም" አልኩ። ወፍን ማን ጥራ አለኝ? ግን ንግግር እንዲያምር ሦስተኛ ነገር ይፈልጋል። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ሰሙኝ። ሰይድ የሚባለው፣ በወንጭፍ ተወዳዳሪ የሌለው ልጅ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔም ደስ አለኝ። ሞኝ!

ወሩ ጥቅምት ነበር። በጥቅምት ራያ ላይ ማሽላው ፍሬ ይቋጥራል፤ ግሪሳ የምትባለዋ ሚጢጢ ወፍ በሠራዊት ትወርዳለች፤ ልጆችም ማሳው መሀል በተሠራ ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ይጠብቃሉ። የቤተሰቡ የዓመት ጉርስ የተንጠለጠለው በእነዚያ ወንጭፎች ላይ ነው። እኔ የደሴ ልጅ ይህን ከየት ልወቀው? "ውሻ ምን አገባው ከእርሻ" ሲባል ሰምቼ አምኜ ነበር የምኖረው።

ሰኞ ጧት የሰይድ አባት አያ ይማም ዱላቸውን ይዘው ክፍሌ በር ላይ ቆሙ። ረዥም፣ ቀጭን፣ ቁጡ ሰው ናቸው። ሰላምታውን አሳጠሩት።

"መምህር፣ ቅዳሜ ከዞብል ተራራ በኩል ግሪሳው እንደ ደመና መጣ። ልጄን 'ወርውር!' ብለው ማማው ላይ ቁጭ ብሎ 'አባ፣ እነሱንም ያማቸዋል' ይለኛል። እርስዎ ነዎት እንዲህ ያሉት?"

ወፍ ያልኩት በአጠቃላይ ለማለት እንደሆነ ላስረዳ ሞከርኩ።

"የበሉንም በአጠቃላይ ነው" አሉኝ። "እርስዎ ምን አለብዎት፣ ደመወዝዎ ላይ ግሪሳ አይወርድ! በሉ አሁን፣ ወይ ለልጁ ወይ ለወፉ ይንገሩልኝ።"

ለልጁ መንገር ይቀላል ብዬ፣ ከትምህርት በኋላ ክራባቴን ፈትቼ ወደ ማሳቸው ወረድኩ። ማሳው ላይ ስደርስ ግን ቀልዱ ጠፋብኝ። አንዱ ጥግ ራሱን የተበላ ባዶ አገዳ ብቻ ቆሟል። ሰይድ ማማው ላይ ወንጭፉን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። አጠገቡ ወጥቼ፣ ርኅራኄና ረኀብ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ስተነትን፣ ልጁ አቋረጠኝ።

"መምህር፣ ሳልመታቸው ባባርራቸውስ?"

ይህ እንዴት ለእኔ አልመጣልኝም? ሰይድ ጅራፍ አምጥቶ አስጮኸ፤ እኔ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ "ሃይ! ሃይ!" አልኩ። ጩኸታችንን የሰማው የቤቱ ውሻ በአገዳው መሀል እየጮኸ ይሮጥ ጀመር። አያ ይማም እንደ ልማዳቸው ድንጋይ አንስተውበት ነበር። ግሪሳው ከውሻው ፊት ፊት ብድግ ብድግ ሲል ባዩ ጊዜ ግን እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ድንጋዩን ቀስ ብለው ጣሉትና "አይዞህ፣ በርታ!" አሉ። ለእኔ መስሎኝ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። ለውሻው ነበር።

እስከ አጨዳ ድረስ እንዲሁ ተጠበቀ፤ የተረፈው ማሽላ ጎተራ ገባ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን የአያ ይማም ሚስት፣ እቴ ዘሀራ፣ ማሽላ ቆሎ ቋጥረው ሊያመሰግኑኝ መጡ።

"አልሃምዱሊላህ፣ ቤታችን ሌላ ሆኗል" አሉኝ። "ይማም ውሻውን አይመታ፣ አህያዋን አይሰድብ። በሬውንማ ወላሂ 'ና የኔ ጌታ' እያለ ነው የሚጠራው።"

ክራባቴን አስተካከልኩ። እቴ ዘሀራ መርቀውኝ ተነሡ፤ በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ዞር አሉ።

"አይቀየሙኝ መምህር፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም" አሉኝ። "በዚህ ትምህርት የሚስት ተራ የሚደርሰው ስንተኛ ክፍል ላይ ነው?"