ፕላስቲኩ ከፎቶው ላይ ይነሳ

እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚያጸዱ ሰዎች አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔ ባለፈው ወር አንዱን አግኝቼ እስካሁን ደሜ እንደፈላ ነው።

«የሐይቃችን ውበት» ለተባለ የፎቶ ኤግዚቢሽን፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያነሳሁትን የአንድ አባ ኮዳ ፎቶ አስገባሁ። ወፉ የቆመው በባዶ የውሃ ፕላስቲኮች ክምር ላይ ነበር። የኮሚቴው ሰብሳቢ ፎቶውን አገላብጠው አዩና «ወፉ ያምራል፤ ፕላስቲኩ ግን ይነሳ» አሉኝ።

«ከሐይቁ ነው ጋሼ?» አልኳቸው በደስታ።

«ከፎቶው ነዋ! እንግዶች ይመጣሉ እኮ!»

እምቢ ብላቸው በኮምፒውተር አስጠፉት። በመክፈቻው ቀን ብገባ አባ ኮዳዬ ክንፉን እንኳ ሳይዘረጋ አየር ላይ ቆሟል! እንግዶቹ ለዕለቱ ተብሎ «የሐይቃችን ውበት» የሚል ወረቀት የተለጠፈበትን የታሸገ ውሃ እየተጎነጩ፣ «ሲያርፍ ነው ወይስ ሲነሳ?» ይባባላሉ። ሰብሳቢውም በኩራት «ሲያርፍ ነው» ይላሉ። ምን ላድርግ? አብሬ ላጨብጭብ?

በማግስቱ ንዴቴ ሳይበርድ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ወፉ እዚያው ክምር ላይ ቆሟል። ክምሩ ግን ከፍ ብሏል። ጠጋ ብዬ ሳይ፣ ከላይ ያሉት አዳዲሶቹ ፕላስቲኮች ሁሉ «የሐይቃችን ውበት» ይላሉ።