ዲቪዲ ማጫወቻ እንደ በሬ ሲመረጥ

መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ጣታቸው ላይ ነው። ጋሽ ዓለምነህ የዲቪዲ ማጫወቻውን አፍ አስከፍተው ጣታቸውን ከተቱና ጥርስ እንደሚቆጥር ሰው ዳበሱት።

በእኛ አገር ለብቻው እቃ የሚገዛ ሰው የለም። በሬ ይሁን ሞባይል፣ አስመራጭ ሳይዝ የገዛ እንደተሞኘ ይቆጠራል። አስመራጭ ማለት የራሱን ብር የማያወጣ፣ ለሰው ብር ግን ነፍሱ የምትወጣ ፍጡር ነው። የወልድያው ሊቀ አስመራጭ፣ ክቡር ጋሽ ዓለምነህ፣ አርባ ዓመት በሬ ሲያስመርጡ ኖረዋል። እናቴ ከመርሳ ስትልከኝ «ያለ እሳቸው እንዳትገዢ፤ የአባትሽ ጓደኛ ናቸው» አለችኝ።

ነገ የአባቴ ሙት ዓመት ነው። በወንድሜ ሠርግ ሲጨፍር የተቀረጸበት ሲዲ አለን፤ ማጫወቻችን ግን ተቃጥሏል። እናቴ የምትፈልገው ነገ እሱን ማየት ብቻ ነው። እኔም ርካሽ ማጫወቻ ገዝቼ ሳይመሽ መርሳ መግባት።

መጀመሪያ የገባነው ሲራጅ ሱቅ ነው፤ ጥርስ የዳበሱትም እዚያ ነበር። ሲዲውን ስናስገባ አባቴ ቴሌቪዥኑ ላይ ብቅ አለ። ዋጋውም የኪሴን ያህል ነው።

«ይኸው ሠራ!» አልኩ።

ጋሽ ዓለምነህ ጭፈራውን እስከ መጨረሻ አዩና ማጫወቻውን አንሥተው በእጃቸው መዘኑት። «ቀላል ነው። ቀላል በሬ አያርስም።»

«ወላሂ ጋሼ፣ ይኼ ያጫውታል እንጂ አያርስም!» አለ ሲራጅ።

«ዝም በል፤ ሆዱ ባዶ ነው።»

አሚና ሱቅ ከበድ ያለ አገኘን። አባቴ ጨፈረ፤ ጋሽ ዓለምነህ እስከ መጨረሻ አዩ። ከዚያ ጆሯቸውን ክዳኑ ላይ ለጥፈው «ይኼ ያቃስታል» አሉ። ሦስተኛው ሱቅም አባቴ ጨፈረ፤ «ዓይኑ አላማረኝም» ተባለ። ዓይኑ የምትባለው ቀይዋ መብራት ናት! የሚሠራ እቃ፣ ርካሽ እቃ፣ እየተወደሰ ሳይሆን እየተሰደበ ይመለሳል። ይኼ ግፍ አይደለም?

«ጋሽ ዓለምነህ፣ ሁሉም ይሠራል እኮ! አንቱ ምን ጎደለው ነው የሚሉት?»

«ልጄ፣ በእቃ አይቸኮልም።»

አራተኛው ሱቅ ስንገባ ተናድጄ አላይም ብዬ ፊቴን ከቴሌቪዥኑ አዞርኩ። ስዞር እሳቸውን አየሁ። ከንፈራቸው ከዘፈኑ ጋር ይንቀሳቀሳል። አባቴ ትከሻውን ሲሰብቅ የእሳቸውም ትከሻ በጋቢው ውስጥ መልስ ይሰጣል። ማጫወቻውን አንዴም ዞር ብለው አላዩትም። ጭፈራው ሲያልቅ ባለሱቁን «እስቲ ከመጀመሪያው መልሰው» አሉት፤ ድምፃቸው ቀጥኖ።

ለካ ያን ሁሉ ሱቅ ያዞሩኝ ማጫወቻ ፈልገው አልነበረም። ንዴቴን የት ላድርሰው?

ወደ ሲራጅ ተመልሼ ያንኑ ቀላሉን ገዛሁ። እሳቸው ዋጋ አስቀነሱልኝ እንጂ አንድ ቃል አልተቃወሙም።

«ነገ መርሳ ይምጡ፤ ከእኛ ጋር ቁጭ ብለው ይዩት» አልኳቸው።

«እናትሽ ፊት?» ጋቢያቸውን አጣፉ። «እሷ ስታለቅስ የሚያጽናናት ሰው ነው የሚያስፈልጋት። እኔ ደግሞ... አልችልም፣ ልጄ።»

አንዲት ሴትዮ ከመንገዱ ማዶ እየሮጠች መጣች። «ጋሽ ዓለምነህ፣ እንኳን አገኘሁዎት! ቴሌቪዥን ልገዛ ነበር!»

ለማንም እምቢ ብለው የማያውቁት ሰው «ዛሬ አልመርጥም» አሏትና፣ እኔንም ሳይሰናበቱ፣ ሽቅብ ወደ ቤታቸው ሄዱ።