አራት እግር በፊደል

በዚህ አገር ከሌባ ይበልጥ የሚጠረጠረው ዜሮ ነው! ካላመናችሁ ውል አስጽፉ። በአኃዝ «5» ብሎ የጻፈውን ሰው፣ አንዱ መጥቶ ከጎኗ ዜሮ እንዳይለጥፍባት «አምስት» ብለህ በፊደል ድገመው ይሉታል። ለገንዘብስ ይሁን… ዜሮን መፍራት የጀመረ ሰው ግን መቆሚያ የለውም። እኔ የገጠመኝ፣ ፍርድ ቤት ደጅ ውልና ማመልከቻ የሚጽፍ ራፖር ጸሐፊ የበቅሎ ጆሮ እንኳ በፊደል ካልተጻፈ የሚጨመርበት ይመስለው ነበር።

በዘጠናዎቹ ውስጥ ነው፤ ዳባት አስተምር ነበር። ደባርቅ የሚኖሩት አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ አምባራስ መንደር ላይ የወንድማቸውን ልጅ መርቀው መዳር አለባቸው። ጉልበታቸው አይራመድም። «በአይሱዙ ከጆንያ ጋር ተጭኜ ሠርግ አልገባም!» አሉ። እኔም ዘመድ በተሰበሰበበት «በቅሎ እኔ እገዛለሁ!» ብዬ ደረቴን ነፋሁ። መነሻው በማግሥቱ ንጋት ነው።

«ወረቀት የሌላት በቅሎ ላይ ግን አልወጣም» አሉ አማቴ። «ሰርቆ ነው ሊሉኝ ነው?»

ደባርቅ ገበያ ወርጄ ከጃናሞራ የመጡትን አያ ደሴን አገኘሁ። ዳማ በቅሏቸው ሸጋ ናት። ዋጋዋን አልነግራችሁም፤ ባለቤቴ ይህን ጋዜጣ ታነባለች። አያ ደሴ ገመዷን ሊያስጨብጡኝ እጃቸውን ዘረጉ።

«በል ልጄ፣ ይባርክልህ! እኔም ሳይመሽ አገሬ ልግባ።»

«የለም አያ ደሴ፣ ውል እንጻፍ።»

በቅሎዋን ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጪ ካለው ባሕር ዛፍ አሰርናትና ጸሐፊው ዘንድ ገባን። ሰውየው የሚያስከፍለው በገጽ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

«ስንት በቅሎ?»

«አንዲት።»

«1 (አንዲት)» ብሎ ጻፈ። «እግርስ?»

«የማን እግር?»

«የበቅሎዋ ነዋ! ነገ አንዱ ሦስት ነው ያላት ቢልህስ?»

አያ ደሴ ማተባቸውን ያዙ። «አራት ነው ልጄ፤ እኔው ነኝ ያሳደግኋት።»

4 (አራት) እግር። 2 (ሁለት) ጆሮ። 1 (አንድ) ጅራት… ሁለተኛው ገጽ ተጀመረ። አያ ደሴ ትዕግሥታቸው አለቀ።

«ጠጉሯንም ልትቆጥር ነው?»

ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ አሰበበት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አሰበበት!

«ጠጉሩ ይቅር» አለ በመጨረሻ። «ጥርስ ግን ግድ ነው። ወጥታችሁ ቁጠሩ።»

ወጣን። አያ ደሴ መንጋጋዋን ፈለቀቁ፤ እኔ፣ ባለዲግሪው መምህር፣ ጣቴን አስገባሁ። በቅሎዋ ያየችኝን አስተያየት አማቴም አይተውኝ አያውቁም። እኔ ሠላሳ ስድስት አልሁ፤ አያ ደሴ አርባ አሉ። እንደገና ብንሞክር ልትነክሰኝ ሆነ።

ጸሐፊው ምንም አልጨነቀው። «ያንተን በአኃዝ፣ የሳቸውን በፊደል እጽፋለሁ። ቢለያዩ የሚጸናው ፊደሉ ነው!»

እንዲህ ተብሎ ተጻፈ፦ «36 (አርባ) ጥርስ ያላትን በቅሎ ተረክቤአለሁ።» ከፈልሁ፤ ፈረምሁ፤ አያ ደሴም የጣት አሻራቸውን አኖሩ። ስንወጣ ባሕር ዛፉ ላይ የተበጠሰ ገመድ ተንጠልጥሏል። በቅሎ የለችም!

«ወይኔ ልጄን፣ አስቀየማችኋት!» አሉ አያ ደሴ። «ይኸኔ የጃናሞራን መንገድ ይዛለች። በሚቀጥለው ገበያ ይዣት እመጣለሁ።»

«አማቴን እኮ ነገ ጠዋት ነው የምጭናቸው!»

ወደ ጸሐፊው ሮጥሁ። «ተረክቤአለሁ» የምትለዋን ቃል በጣቱ መታ መታ አደረገና ሌላ ንጹሕ ወረቀት ሳበ።

«የጠፋችበትን ማመልከቻ ልጻፍልህ?»

ያን ዕለት ያፈርሁትን ያህል አፍሬ አላውቅም። እግሬን እየጎተትሁ አማቴ ቤት ደረስሁ። ለነገው መንገድ ከዛሬው ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ አለንጋቸውን ይዘው፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። ኮርቻው አጠገባቸው ነው። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። አማቴ የክስ ወረቀት ሲያነቡ ያረጁ ሰው ናቸው፤ መነጽራቸውን አድርገው ከእግር እስከ ጥርስ አጣጥመው አነበቡት። ቅንፍ በደረሱ ቁጥር ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

«ግሩም!» አሉ። «ውል እንዲህ ነው!»

ከዚያ ወደ በሩ አዩ። ወደ እኔ አዩ። እንደገና ወደ በሩ አዩ። ነገሩ ገባቸው መሰለኝ፣ ወረቀቱን አጣጥፈው መለሱልኝና በአለንጋቸው ወደ ኮርቻው አመለከቱ።

«በል እንግዲህ፣ ወረቀቱ ላይ ጫነውና እንሂድ።»