የጽጌን የዛንዚባር ፎቶ ያጋለጥኩበት እሁድ

እስቲ ሳትስቁብኝ ስሙኝ። ዛሬ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ምሳውን እየበላ፣ በገዛ እጄ ራሴን ጉድ ሰራሁት!

እሺ፣ ሳቁ። አልቀየማችሁም።

ለማታውቁኝ፦ ሰብለ እባላለሁ። ከሰኞ እስከ አርብ ሄልስፊር ያለ አንድ ቢሮ አጸዳለሁ። ቅዳሜና እሁድ ግን ፎቶግራፈር ነኝ። ክርስትና በሉት፣ ልደት በሉት፣ የኦስሎ ሐበሻ በእኔ ካሜራ ያልፋል። ሰርግ ብቻ አንድም ደርሶኝ አያውቅም። ለዓመታት የምመኘው እሱን ነው።

እና ሜሮን በሚቀጥለው ወር ታገባለች።

ሜሮንን ገና ሕፃን ሆና በጋሪ ስትገፋ ጀምሮ አውቃታለሁ። ሰርጓን የማነሳው እኔ ነኝ ብዬ በልቤ ጨርሼዋለሁ። አዲስ ሌንስ ሁሉ ገዝቼ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጫለሁ።

ከዚያ ጽጌ ዛንዚባር ሄደች።

ጽጌ ጓደኛዬ ናት፤ ፉሩሴት አንድ ሕንፃ ላይ ነው የምንኖረው። ሲከየም በሚሉት መጦሪያ ውስጥ አረጋውያን ስትንከባከብ ትውላለች። ካሜራ የሚባል ነገር የላትም። ያላት ስልክ ነው፣ እሱም ጥጉ የተሰነጠቀ።

ይህቺው ሴት ሦስት ሳምንት በየቀኑ ፖስት አታደርግም መሰላችሁ! ደሴት፣ ከደሴቱ ወዲያ ሌላ ደሴት፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ትንንሽ፣ ስም እንኳን ያላቸው የማይመስሉ ደሴቶች። ነጭ ሸራ የወጠረች ጀልባ። ዓሣ የሚያሰጡ ሴቶች፣ ጥላቸው አሸዋው ላይ ረዝሞ። እኔ ኮርስ ወስጄ ያላገኘሁትን ብርሃን እሷ በተሰነጠቀ ስልክ አገኘችው።

ላይኩ ደግሞ አይወራም። እኔ የክርስትና ፎቶ ለጥፌ አስራ አራት ላይክ ነው የማገኘው፤ ከአስራ አራቱ ሁለቱ የእናቴ ናቸው። ሁለት አካውንት አላት።

ሜሮን ከአንዱ ፎቶ ስር ምን ብላ ጻፈች? «ጽጌዬ፣ የኔንም ሰርግ አንቺ ነሽ የምታነሺልኝ!»

ደሜ ፈላ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ነገሩ ሁሉ አልጥም አለኝ። ሦስት ሳምንት ፀሐይ ላይ የሰነበተች ሴት እንደሄደች ሆና ትመለሳለች? ዋና የማትችል ሰው በየቀኑ ጀልባ ላይ ምን ትሰራለች? ዛንዚባር እንዴት ነበር ስላት «ደህና ነበር» ብላ ወሬውን ቀየረች። ማነው ዛንዚባር ደርሶ መጥቶ «ደህና ነበር» የሚለው? እኔ ብሆን ለአንድ ዓመት አፌን አልዘጋም ነበር።

አንድ ነገርማ አለ፣ አልኩ።

ሐሙስ በዕረፍት ሰዓቴ፣ መወልወያውን ግድግዳ አስደግፌ፣ ፎቶዎቿን አንድ በአንድ መመርመር ጀመርኩ። ብዙ ላይክ ያገኘው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ብርቱካን የመሰለች ፀሐይ ባሕሩን ልትነካ ነው። ከፊት የጽጌ እጅ ኮኮነት ይዟል። እጇ ላይ አንድ ያረጀ፣ ትልቅ የወንድ ሰዓት አለ። እዚህ ኦስሎ አድርጋው አይቼ አላውቅም።

ዙም አደረግሁ።

አስራ ሁለት ከሃያ ይላል!

አስራ ሁለት ከሃያ ማለት እኩለ ቀን ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ነው የምትሆነው። ታዲያ ይቺ ባሕር ውስጥ ልትገባ የደረሰችው ፀሐይ ከየት መጣች? ያዝኳት! እጇን ቀትር ላይ በረንዳዋ ላይ አንስታ፣ ባሕሩን ከኢንተርኔት አምጥታ ለጥፋበታለች።

ቆይ፣ አንዳንዶቻችሁ ከወዲሁ ገብቷችኋል። ዝም በሉ።

ሰዓቱን በቀይ አከበብኩበት። እሁድን እንዴት እንደጠበቅኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ሜሮንና እናቷ እማማ አስቴር የተቀመጡበት ጠረጴዛ ጋ ሄድኩ። ለእናንተ ብዬ ነው አልኳቸው። ሰርግ አንዴ ነው፣ የሰው ፎቶ የራሷ አስመስላ የምትለጥፍ ሰው አምናችሁ በኋላ እንዳትጸጸቱ አልኩ። ድምፄ ትንሽ ከፍ ሳይል አልቀረም፣ ምክንያቱም የጎረቤት ጠረጴዛ መብላቱን አቁሟል። ከዚያ ስልኬን አውጥቼ ቀዩን ክብ አሳየሁ።

እማማ አስቴር መነጽራቸውን አደረጉ። አዩ። ስልኩን ራቅ አድርገው ደግመው አዩ።

«ታዲያ ምኑ ነው ጥፋቱ? ፀሐይ የምትጠልቀው አስራ ሁለት ሰዓት ላይ አይደለም እንዴ?»

እሳቸው አልገባቸውም ብዬ ላስረዳ አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ለእኔ ገባኝ።

በእኛ ሰዓት ነው! በሐበሻ አቆጣጠር!

እኔ ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያደግሁት ሴትዮ! ሃያ አምስት ዓመት ስልኩም፣ ባቡሩም፣ ሥራውም በፈረንጅ ሰዓት ሆኖብኝ፣ ሰዓት በሌላ መንገድ መቆጠሩን ጭራሽ ረስቼዋለሁ። እናቴ ጋ ስደውል ብቻ ነው በጣቴ የማሰላው።

ዞር ስል ጽጌ የሻይ ትሪ ይዛ ከኋላዬ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች።

ብትጮህብኝ ይሻል ነበር። አልጮኸችም። የመጀመሪያውን ሻይ እኔ ፊት አስቀመጠች፣ ከዚያ ረጋ ብላ ነገረችን። ሰዓቱ የአባቷ ነው። አምና ሲሞቱ ነው የደረሳት። እሳቸው በአገር ቤት ሰዓት እንዳስተካከሉት፣ ሳትነካው፣ መሳቢያ ውስጥ ነበር ያኖረችው፤ ኦስሎ ላይ ብታደርገው ከሥራ ያስቀራታል። ዛንዚባር ግን ሰዎቹ እንደ እኛ ከንጋት ጀምረው ነው ሰዓት የሚቆጥሩት። ጀልባ ነጂው የሚላትና የአባቷ ሰዓት አንድ ሆነ።

«ሦስት ሳምንት አባቴ ልክ ነበር» አለች።

ልቅሶው ላይ ሦስት ቀን አብሬያት የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። «ደህና ነበር» ስትለኝ አይኗን እንኳን ቀና ብዬ አላየሁም። እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

አላለቀም!

ሜሮን ፊቷ ቀልቶ «ኔይ፣ ኧረ አይደለም፣ እኛ እኮ ዛሬ የመጣነው አንቺን ልንጠይቅሽ ነው» አለችኝ።

ለካስ ጽጌ ከሁለት ሳምንት በፊት እንቢ ብላቸዋለች። «እኔ ባሕር ነው የምችለው፣ ባሕር አይኑን አይጨፍንም፤ ሰው ለማንሳት ሰብለ አለችላችሁ» ብላ ስሜን የሰጠቻቸው ራሷ ናት። ሰርጉን የማነሳው እኔ ነበርኩ። እስከ ሻዩ ድረስ የእኔ ነበር።

እማማ አስቴር ስልኬን መለሱልኝ። «ልጄ፣ እንግዶቻችንንም እንዲህ በቀይ ልታከብቢብን ነው?»

አዳራሹ ሳቀ። ቄሱም ሳቁ። ሰርጉን ለጽጌ መለሱት፣ እሷም አሁን እሺ አለች።

ከሰዓት በኋላ ይቅርታ ጽፌ ላክሁላት። የመለሰችው ይኸው፦ «መብራት የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ትመጫለሽ?»

በኖርዌይኛ «ያ»፣ እሺ ብዬ መለስኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

አሁን ግን ቁጭ ብዬ እያሰብኩ ነው። ለምንድነው የጠራችኝ? ይቅር ብላኝ ነው? ወይስ በእንግዳው ሁሉ ፊት መብራት ይዤ እንድቆም? መልእክቷ መጨረሻ ላይ የፈገግታ ምልክት ያላደረገችበትስ ለምንድነው?

እናንተ ምን ትላላችሁ?

ቆይ። አሁንም እሷን መጠየቅ ትቼ እናንተን እየጠየቅሁ ነው አይደል?