ተንበርክኮ ያገኘሁት ልጅ

አሜሪካን የሚኮርጁ ወጣቶች ስታዩ አትሳቁባቸው። እኔም በጊዜዬ ጸጉሬን አፍሮ አጎፍሬ፣ በቤልቦተም ሱሪዬ የኮልፌን አቧራ ስጠርግ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሚስት ሲያምረኝ ግን ያው ሽማግሌ ነው የላክሁት። አባቷ ሁለቴ "ሌላ ቀን ኑ" ብለው መለሷቸው። ያ በጭንቀት የጠበቅሁበት ወር ዛሬም ይናፍቀኛል።

ባለፈው ቅዳሜ አየር ጤና አንድ በርገር ቤት ስገባ፣ አንድ ወጣት አንዲት ልጅ ፊት ተንበርክኳል። እሷ ፊቷን ሸፍና ታለቅሳለች። እኛ ዘንድ የሚንበረከክ ማን ነው? የበደለ አይደለም እንዴ? ታዲያ ሽማግሌ ሆኜ እንዴት ዝም ልበል? መሃል ገባሁ።

"ልጄ፣ ስለ እግዜር ብለሽ ይቅር በዪው! ልጅነት ነው።"

ወጣቱ ቀለበት እንደያዘ ቀና አለ። "ኧረ አባባ! አግቢኝ እያልኳት እኮ ነው! ቪዲዮውን አበላሹብኝ!"

አፍሬ ልወጣ ስል ልጅቷ እጄን ያዘችኝ። "ቆይ አባባ፣ እርስዎ ይንገሩኝ፤ ላግባው ወይስ ይቅር ልበለው?"

"አግቢው ልጄ፤ ይቅር ማለቱ እንደሆነ አይቀርልሽም። የእኔዋ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ አርባ ዓመት ሙሉ ይቅር ስትለኝ ኖራ ነው የሄደችው።"

ልጅቷ እንባዋን ጠርጋ ጣቷን ዘረጋችለት።